የአቶ ዓባይነህ ክትር

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013፣ በሚያዝያ ወር መጨረሻ፣ በአንዱ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሥራ የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለነበረ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምንኖርበት አፓርታማ ጀርባ ወደሚፈሰው ትንሽ ጅረት ወረድኩ። ከፓርኪንጉ ጫፍ እስከ ውሃው ድረስ ዛፍና ቁጥቋጦ የለበሰ ተዳፋት አለ። ከውሃው ዳር ደግሞ የግቢው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት አውቶብስ የሚሄዱባት ቀጭን የእግር መንገድ ታልፋለች።

ወደ ታች እየወረድኩ ሳለ ሁለት ሰዎች በአማርኛ ሲከራከሩ ሰማሁ። ጠጋ ብዬ ባይ፣ አንደኛው ጎረቤቴ አቶ ዓባይነህ ናቸው፤ ዶማ ተደግፈው ቆመዋል። ሁለተኛዋ ከሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ዮዲ ናት። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ፣ በሌላው ደብተር ይዛለች። በመካከላቸው አዲስ የተቆፈረ ጥቁር መሬት አለ፤ አምስት መደብ፣ ቀጥ ብሎ የተሠራ።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ!» አሉኝ አቶ ዓባይነህ። «እስቲ አንተ ፍረድ። ይህች ልጅ ጎመን መትከል ወንጀል ነው ትለኛለች።»

«ወንጀል ነው አላልኩም፣ አባባ» አለች ዮዲ ፈገግ ብላ። «ቦታው እዚህ አይደለም ነው ያልኩት።»

መምህር የሚሉኝ አገር ቤት ሳለሁ ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአሥራ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ስላስተማርኩ ነው፤ እዚህ የምሠራው ሆቴል ውስጥ ቢሆንም ስሙ አብሮኝ ቀርቷል። አቶ ዓባይነህ በአንኮበር ዙሪያ ያረሱ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ ዲቪ ደርሶት የመጣው ልጃቸው በፍቃዱ በ2010 አስመጣቸው። በፍቃዱ ክሪስታል ሲቲ ካለ ጋራዥ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ሌላ ሥራ ስለሚሄድ፣ አባቱ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ይውላሉ። ዮዲ ደግሞ በስድስት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ አካባቢ ጥበቃ የተማረች፣ የየጅረቱን ውሃ ንጽሕና በሚከታተል ድርጅት የምትሠራ ወጣት ናት። እናቷ በአማርኛ ካላናገረቻት እራት አትሰጣትም ነበር ይባላል፤ ስለዚህ አማርኛዋ የጠራ ነው።

«አየህ መምህር» አሉ አቶ ዓባይነህ ጎንበስ ብለው አፈር እየዘገኑ፣ «ይህ መሬት ስንት ዘመን ጦሙን እንዳደረ! መጀመሪያ በእጄ ስጨብጠው እንባዬ መጣ። በእኛ አገር ለእንዲህ ያለ አፈር ወንድም ከወንድሙ ይካሰሳል። እዚህ የሚነካው ጠፍቶ እሾህ ለብሷል። ሥራ ከፈታ መሬትና ሥራ ከፈታ ሽማግሌ ትንሽ ጎመን ቢገኝ ማን ይጎዳል?»

«መሬቱ ሥራ አልፈታም፣ አባባ» አለች ዮዲ። «ሥራው ስለማይታይ ነው። የመነጠሩት ቁጥቋጦ ሥሩ ዳሩን ይዞት ነበር። ከላይ የሚወርደውን ውሃ ያዘገየዋል፣ ያጣራዋል። ይህ ጅረት አናኮስቲያ ወንዝ ይገባል፣ አናኮስቲያ ደግሞ ትልቁ ፖቶማክ ወንዝ ይገባል። እዚህ የተናደ አፈር እዚያ ድረስ ይሄዳል። ደግሞ መሬቱ የሕዝብ ነው፤ የፓርኩ ነው።»

«የሕዝብ ከሆነ፣ እኔ ሕዝብ አይደለሁም?»

«ነዎት። እኛ ግቢ ውስጥ ብቻ መቶ ሃያ ቤተሰብ አለ። ሁሉም የእርስዎን ያህል ቢመነጥር ምን ይተርፋል?»

«ሌላው ዶማ የት ያውቃል!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ጠና አለ። «እኔም ልጠይቅሽ። ከላይ ያለው ይህ ሁሉ አስፋልት፣ ገበያ አዳራሹ፣ መኪና ማቆሚያው፣ እሱን ማን ፈቀደው? ጎርፉ የሚመጣው ከዚያ አይደለም ወይ? ሺህ ዛፍ ተቆርጦ አስፋልት ሲነጠፍ ልማት ይባላል። ዓባይነህ አምስት መደብ ጎመን ሲተክል ግን ጥፋት ነው።»

ዮዲ ጠርሙሷን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች።

«በዚህ እውነትዎን ነው» አለች። «ትልቁ ጥፋት የመጣው ከላይ ነው፤ እኛም በየስብሰባው የምንጮኸው ስለሱ ነው። ግን አባባ፣ ጎርፉ ከላይ ስለሚመጣ አይደል ከታች ያለው ሥር የሚያስፈልገን?»

«የዚህ አገር አፈር እንደኛ አገር አፈር አይደለም» አሉ እጃቸውን አወናጭፈው። «ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፣ ሣሩ አይደርቅም፣ ከብት አይረግጠውም። የት ይሄዳል? አንተስ ምን ትላለህ፣ መምህር?»

እውነቱን ልናገር። ዮዲ ትክክል እንደሆነች አውቃለሁ። የአፈር መሸርሸር ምን እንደሆነ ለስንት መቶ ልጆች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬአለሁ። ነገር ግን ሽማግሌውን ከመጡ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቀና ብለው ቆመው አይቻቸው አላውቅም። ስለዚህ «ሁለታችሁም እውነት አላችሁ» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ይህን የምጽፈው አንድም በዚያች መልስ ስላፈርኩ ነው። የተማረ ሰው የሚያውቀውን ነገር ለይሉኝታ ብሎ ሲውጥ፣ አክብሮት የሰጠ ይመስለዋል እንጂ ሽማግሌውን እንደ ሕፃን ቆጥሯል።

ሌላው ዶማ አያውቅም የተባለው ግን ስህተት ሆኖ ተገኘ። በግንቦት የአቶ ዓባይነህ ጎመን ለምልሞ ሲታይ፣ ወይዘሮ ባዩሽ ከጎናቸው ቁጥቋጦ አስመንጥረው ቃሪያና ጤና አዳም ተከሉ። ቀጥሎ ከኤልሳልቫዶር የመጡ ባልና ሚስት በቆሎ ዘሩ። ሰኔ ሲገባ ዳሩ ከላይ ካለው ድልድይ እስከ ጅረቱ መታጠፊያ ተራቁቶ ስድስት ሰው ተካፍሎት ነበር። ጠብም አብሮ መጣ፤ አንዱ የሌላውን መደብ ረገጠ፣ ዛፍ ጥላ ጣለብኝ ብሎ አንዱ ቅርንጫፍ ቆረጠ። አቶ ዓባይነህ ድንበር ሲያካልሉ፣ ሲገላግሉ ይውሉ ጀመር። ዮዲ በየሳምንቱ እየመጣች ውሃዋን ትቀዳለች፣ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ግን አትከራከርም።

በዚያው በሰኔ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ሲያባራ ወይዘሮ ባዩሽ ቃሪያቸውን ሊያዩ ወረዱ። ዳር የመሰላቸው መሬት ከሥራቸው ተንዶ ወደቁ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጩኸታቸውን ሰምተን ወርደን አወጣናቸው፤ ልጃቸውም ሐኪም ቤት ይዛቸው ሄደች።

እኔ፣ ዮዲና አቶ ዓባይነህ እዚያው ቀረን። ከስድስቱ ማሳ አራቱ የለም። የልጆቹ የእግር መንገድ በሁለት ቦታ ተቆርጦ ገደል ሆኗል። ከፓርኪንጉ የወረደው ጎርፍ በመደቦቹ መካከል ሰንጥቆ እስከ ወገብ የሚደርስ ቦይ አበጅቷል፤ ጅረቱም የተበጠበጠ ሸክላ መስሎ ይፈሳል።

አቶ ዓባይነህ ወደ ተቆረጠው አፋፍ ቀስ ብለው ሄዱ። ተንበረከኩ። የተናደውን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ቦረቦር ነው» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ይህን አውቀዋለሁ። ቦረቦር ነው፤ በእኔ እጅ የተከፈተ።»

ከዚያም እኔ ለሦስት ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ ያልሰማሁትን ነገሩን።

«ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ተራራችን ራቁቱን ቀርቶ ነበር። እርከን ሥሩ፣ ስንዴ ይሰጣችኋል ተባልን። ለስንዴው ብለን ጀመርነው፤ ለምን እንደሚበጅ ግን አልገባንም። ድንጋይ ካብን፣ በየቦረቦሩ ጎርፍ የሚገታ የድንጋይ ክትር ሠራን፣ ተራራውን ከከብትና ከምሳር ከለልነው። ጠባቂ ያደረጉት እኔን ነው። የገዛ ወንድሜ ከተከለለው ተራራ እንጨት ቢቆርጥ ይዤ ሽማግሌ ፊት አቀረብኩት፤ ሁለት ዓመት አኩርፎኛል። በስድስተኛው ዓመት ደርቆ የነበረው ምንጭ ፈለቀ። ያን ቀን ወንድሜ ራሱ መጥቶ፣ ከዚያው ምንጭ ቀድቶ አጠጣኝ።»

ወደ ዮዲ ዞሩ።

«እንግዲህ ያ ሰው ነኝ፣ ልጄ። አገሬ ላይ ጠባቂ የነበርኩ ሰው፣ ሰው አገር መጥቼ አፍራሽ ሆንኩ። አረንጓዴውን ሳይ ይህ አገር አፈሩ የማያልቅ መስሎኝ። አንቺ የነገርሽኝ እኮ እኔው ሳስተምረው የነበረ ነገር ነው።»

«አባባ፣ ቀድሞ ብነግርዎት ኖሮ...»

«ነግረሽኛል። እኔ ነኝ ያልሰማሁሽ።»

ያን ጊዜ የተረዳሁትን ልናገር። ሽማግሌውን የረታቸው ወጣቷ ብቻዋን አይደለችም፤ ጎርፉም ብቻውን አይደለም። ሁለቱ ተባብረው የራሳቸውን ዕውቀት መለሱላቸው። እኛ ከሌላ አገር የመጣን ሰዎች ሻንጣችንን ስንፈታ ልብሱን አውጥተን ዕውቀቱን ሻንጣው ውስጥ የምንረሳው እየመሰለኝ ብዙ ጊዜ አዝናለሁ።

ከአሥር ቀን በኋላ የፓርኩ ሰዎች በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠሩ። አርባ የሚሆን ሰው ተገኘ። ከጅረቱ ማዶ ባለ ቤት የሚኖሩ አንድ ሰውዬ ተነሥተው በቁጣ ተናገሩ። ዮዲ ለአቶ ዓባይነህ በጆሮ እየተረጎመች ሳለ ድንገት ዝም አለች።

«ምን አለ?» አሏት።

«ተናዷል፣ አባባ። ሌላ ጊዜ...»

«ሳትቀንሺ ንገሪኝ።»

«የአፓርታማው ሰዎች ፓርክ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ አጥር ይታጠርባቸው ነው ያለው።»

አቶ ዓባይነህ እጃቸውን አነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ቆም እያሉ ተናገሩ፣ ዮዲም ተረጎመች።

«ሰውዬው የተናደዱት በእውነት ነው። መጀመሪያ የመነጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ የተከተሉት እኔን ነው። ጥፋቱን በስሜ ጻፉት። አጥሩን ግን ተዉት። አጥር ሰው ያግዳል እንጂ ጎርፍ አያግድም። ጎርፉ ከላይ፣ ከመኪና ማቆሚያው ነው የሚመጣው፤ ዳሩ ላይ ሥር ብትተክሉም ከላይ ካልተገታ ይነቅለዋል። ድንጋይና ፈቃድ ስጡኝ። በየደረጃው ክትር እሠራበታለሁ። ውሃው እየተራመደ ይወርዳል እንጂ አይዘልም። ያፈረስኩትን ሳልሠራ ብሞት አዝናለሁ።»

የፓርኩ ኢንጂነር፣ ጠና ያለች ረጋ ያለች ሴት፣ መነጽሯን አውልቃ ጠየቀች፦ «ክትር እኩል ካልተቀመጠ ጎርፉ በአንድ በኩል ይዞት ይሄዳል። ልኩን በምን ነው የምታወጡት?»

አቶ ዓባይነህ ዮዲ የምትጠጣበትን፣ በግማሽ የጎደለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አነሡ። ክዳኑን አጥብቀው ኢንጂነሯ ፊት ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ዓይናቸውን ከውሃው ትክክል አድርገው አንድ አፍታ ተመለከቱ።

«በዚህ» አሉ። «ለምሳሌ ይህ ጠረጴዛችሁ ወደ መስኮቱ አጋድሏል።»

ኢንጂነሯ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እስክሪብቶው ተንከባለለና ወደ መስኮቱ በኩል መሬት ወደቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ማዶ ያሉት ሰውዬም ሳይቀሩ ሳቁ። በዚያች ደቂቃ ከአንኮበር ተራሮች የመጣ ዕውቀት ሜሪላንድ ውስጥ ቆሞ መልስ ሲሰጥ አየሁ፤ የእኔም ቁመት የጨመረ መሰለኝ።

ፈቃዱ ወዲያው አልመጣም። ኢንጂነሯ ሦስት ጊዜ መጥታ ለካች፣ ንድፍ አወጣች፤ የአፓርታማው ባለቤት ከፓርኪንጉ በታች ያለው ተዳፋት እንዲሠራበት ፈቀደ። በጅረቱ ዳር የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ቁጥቋጦዎች ተመልሰው እንዲተከሉ፣ ለአትክልቱ ደግሞ ከሕንፃው ምዕራብ ያለው ፀሐያማ ሣር ሜዳ እንዲለቀቅ ስምምነት ሆነ። ከመስከረም ጀምሮ በየቅዳሜው ሥራ ተጀመረ።

አቶ ዓባይነህ ገመድና ጠርሙሳቸውን ይዘው ከሁሉ በፊት ይገኛሉ። ትልቁን ድንጋይ ከሥር፣ ረጅሙን ወደ ውስጥ፣ መካከሉን ከጫፎቹ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ይህም ውሃው በመካከል እንዲያልፍ ነው። የተሰበሰበው ሰው ከብዙ አገር የመጣ ነው። አጥር ይታጠር ያሉት ሰውዬ በሁለተኛው ቅዳሜ የእጅ ጋሪ እየገፉ መጡ፤ አቶ ዓባይነህ ከጎናቸው ቦታ ሰጧቸው።

አንድ ቀን ወይዘሮ ባዩሽ፣ እጃቸው ድኖ፣ ከላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ተጣሩ።

«ዓባይነህ! በዚህ ዕድሜህ ለፈረንጅ ድንጋይ ትሸከማለህ? እኛን ከመሬቱ አስነሥተው አንተን በነፃ ያሠሩሃል። ይህ ምኑ ነው የሚያኮራው?»

«ነይ ውረጂ፣ ባዩሽ» አሉ ድንጋዩን አስቀምጠው። «ቀስ ብለሽ በዚህ በኩል። ቃሪያሽ አሁን የት ነው ያለው?»

«ሜዳው ላይ ነዋ።»

«እንዴት ነው?»

«ፍሬው ከበፊቱ ይሻላል» አሉ ወይዘሮ ባዩሽ ሳይወዱ። «ፀሐይ ያገኛል።»

«አየሽ? ጫካው ለጥላና ለሥር፣ ሜዳው ለቃሪያ። ቦታ ቦታውን ያዘ። ጠባችንም ቀረ። የልጅ ልጅሽ በየትኛው መንገድ ነው ወደ አውቶብሱ የምትሄደው?»

«በዚሁ በጅረቱ ዳር።»

«እንግዲያ ለማን ነው የምሸከመው? መንገዱ ቢናድ የፈረንጅ ልጅ ብቻ መርጦ አይጥልም። ሌላም ልንገርሽ። እስከ ዛሬ እዚህ አገር እንግዳ ነበርኩ። እንግዳ የሚበላውን በልቶ ይሄዳል፤ ስለ ቤቱ አይጨነቅም። የሚጠግን ግን ባለቤት ነው። ይህን ድንጋይ ካስቀመጥኩ ወዲህ፣ ይህ ጅረት የእኔም ነው። ማንም ሕዝብ አይደለህም ሊለኝ አይችልም።»

ወይዘሮ ባዩሽ ቁልቁል ወደ ውሃው ተመለከቱ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«እጄ ከባድ አያነሣም» አሉ። «ችግኙን ልትከል።»

በተከታዩ ሚያዝያ ያንኑ የሚያህል ዝናብ መጣ። ሁላችንም ጃንጥላ ይዘን ፓርኪንጉ ጫፍ ላይ ቆምን። ጎርፉ ከአስፋልቱ እየጋለበ መጣና ከመጀመሪያው ክትር ጋር ተላተመ። ቆመ። ሞላ። በመካከሉ ቀስ ብሎ አለፈ፤ ወደ ሁለተኛው ወረደ፣ ወደ ሦስተኛው። ከመጨረሻው፣ ከዘጠነኛው ክትር ሲወጣ እርምጃው የደከመ ሽማግሌ መስሎ ነበር። በየክትሩ ጀርባ ደለል ቀረ። ዳሩ አልተነካም፣ መንገዱም አልተናደም። በበጋው ዮዲ ከጅረቱ ድንጋይ ገልብጣ አንዲት ጥፍር የምታክል የነፍሳት እጭ አሳየችን፤ ንጹሕ ውሃ ካላገኘች የማትኖር ናት፣ እዚህ ቦታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው ብላ እንደ ሕፃን ዘለለች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ቁጠረው። ልጆች መንገዳቸውን አገኙ። ጎመኑም ቃሪያውም የሚበቅልበት ሕጋዊ ቦታ አገኘ። ጅረቱ ጠራ። ጎረቤታሞች፣ ስማቸውን እንኳ የማይተዋወቁት፣ በአንድ ገመድ ጫፍና ጫፍ ቆመው ተያዩ። ወጣቶቻችን ከሽማግሌ የሚማሩት ዕውቀት እንዳለ አወቁ፤ ሽማግሌውም ከልጅ መስማት ክብር እንደማይቀንስ አሳዩ። መሬት የሚያጣላን ብቻችንን ልንበላው ስንፈልግ ነው፤ አብረን ስንጠብቀው ግን ዘመድ ያደርገናል።

ወሬው ሩቅ ሄደ። በ2015 የጸደይ ወራት ከእኛ ብዙም በማትርቀው በአሌክሳንድሪያ ከተማ ያሉ የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች የጅረታቸው ዳር እየተናደ አስቸግሯቸው፣ አቶ ዓባይነህ መጥተው እንዲያሳዩአቸው ጋበዟቸው። ዮዲ በመኪናዋ ወሰደችን። ስንደርስ ሃምሳ የሚሆን ሰው ጓንት አጥልቆ ይጠብቃል። መግቢያው ላይ የቆመች ሴት ፎርም ሰጠችን፤ ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ ይላል።

ዮዲ ለአቶ ዓባይነህ ስትሞላላቸው ሦስተኛው መስመር ላይ ቆም አለች።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ሪታየርድ ብዬ ልጻፍ?»

«ምን ማለት ነው?»

«ሥራውን ያቆመ።»

አቶ ዓባይነህ ቁልቁል፣ ጎርፍ ወደ ቆረጠው ተዳፋት ተመለከቱ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ገበሬ ብለሽ ጻፊ» አሉና፣ ድንጋዩ ወደተከመረበት ወረዱ።